የባሱን የጣት አጣጣል እንዴት ይለመዳል?

በትልልቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ከእንጨት ከሚሠሩት የትንፋሽ መሣሪያዎች መካከል ወፍራም ድምፅ በማሰማት የታወቀው ባሱን ነው። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ፕሮኮፊዬቭ እ.ኤ.አ. በ1936 ለልጆች ባዘጋጀው «ጴጥሮስና ተኩላው» በተሰኘው ሥራው ውስጥ የቁጡውን አያት ድምፅ የሰጠው ለባሱን ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሱን እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል፤ ይቆጣል፤ ሲያዝን ግን ሰው የሚያንጎራጉር እስኪመስል ድረስ ድምፁ ይለሰልሳል። ይህን መሣሪያ መማር የጀመረ ሰው ወደ ድምፁ ውበት ከመድረሱ በፊት አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ እርሱም ዐሥሩ ጣቶቹ በየትኛው ቅጽበት የት የት ላይ ማረፍ እንዳለባቸው ማወቅ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ጽሑፍ ይህ የጣት አጣጣል ለምን እንደ ተወሳሰበና በምን ዓይነት ልምምድ ወደ እጅ እንደሚገባ ያስረዳል።

ከምታውቁት መሣሪያ፣ ከዋሽንት፣ እንነሣ። ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳዎች አሉት። ነፊው ሁሉንም በጣቶቹ ሲደፍናቸው ዝቅተኛው ድምፅ ይወጣል፤ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ሲከፍታቸው አየሩ የሚርገበገብበት የቧንቧ ርዝመት ስለሚያጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ጣቶቹን ሳይለውጥ ጠበቅ አድርጎ ቢነፋ ደግሞ በዚያው አጣጣል ከፍ ያለ ድምፅ ይገኛል። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ስለ ሆኑ አንድ ዋሽንት ለሁሉም ዘፋኝ ድምፅ አይስማማም። ስለዚህ ባለሙያው ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይይዛል፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሣል። ባሱን ነፊ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ሦስት ኦክታቭ ተኩል ያህል የሚደርሰውን የድምፅ ስፋት፣ በመካከሉ ያሉት ግማሽ ድምፆች ሳይቀሩ፣ ከአንድ መሣሪያ ማውጣት አለበት። ዋሽንት ነፊው በከረጢት የሚይዘውን ባሱን ነፊው በጣቶቹ ይሸከመዋል ብንል ያስኬዳል።

ባሱን ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ከአንደኛው ጫፍ ቀጥኖ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ቧንቧ ነው። ይህን ያህል ርዝመት በእጅ ይዞ መንፋት ስለማይቻል ቧንቧው ከታች ታጥፎ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በዚህም ምክንያት ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሳንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ሜፕል ከተባለው ዛፍ እንጨት ነው። ከላይ በኩል እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቀጭን የብረት ቧንቧ ይገባበታል፤ በዚህ ቧንቧ ጫፍ ላይ ደግሞ ከሸምበቆ ተጠርቦ በክርና በሽቦ የታሰረ ጥንድ ልሳን ይሰካል። ነፊው ልሳኑን በከንፈሮቹ መካከል ይዞ ሲነፋ ሁለቱ ስስ የሸምበቆ ፍላጮች እየተገናኙና እየተለያዩ አየሩን ያርገበግቡታል። መሣሪያው ከሦስት ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በጠፍር ይደገፋል። ከደረት ፊት ለፊት በሰያፍ ሲያዝ ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች በዳሌ አጠገብ ይውላል።

እዚህ ላይ የመሣሪያውን ጠባይ የሚወስን አንድ ነገር አስተውሉ። በቧንቧ ላይ ያለ ቀዳዳ የሚፈለገውን ድምፅ የሚሰጠው በተገቢው ርቀት ላይ ሲቀመጥ ነው። ቧንቧው በረዘመ መጠን ደግሞ በቀዳዳዎቹ መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት ይሰፋል። በባሱን ላይ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በቀጥታ በየቦታቸው ቢበሱ ኖሮ የሰው ጣት አይደርስባቸውም ነበር። የጥንቶቹ ሠሪዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መላ የሚያስደንቅ ነው። በግራ እጅ የሚያዘውን የእንጨቱን ክፍል በአንድ ወገን ወፈር አድርገው ሠሩት፤ ቀዳዳዎቹንም በዚህ ውፍረት ውስጥ በሰያፍ ቦረቦሩ። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱ ቀዳዳዎች ለሦስት ጣቶች እንዲመቹ ተቀራርበው ተቀምጠዋል፤ ከውስጥ ግን ወደ ዋናው ቧንቧ የሚገቡት ተራርቀው ነው። ጣትና ድምፅ በዚህ መንገድ ታረቁ። ይሁን እንጂ እርቁ ያለ ካሳ አልሆነም። ቀዳዳዎቹ ጠበብና ረዘም ያሉ ትናንሽ ቧንቧዎች ስለ ሆኑ ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ በስስ መጋረጃ የተሸፈነ ይመስላል። ለዛው ይኸው ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ድምፅ ከትክክለኛ ቦታው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነብላል፤ እርሱን ለማቅናት ከታች ሌላ ቀዳዳ መድፈን ወይም ሌላ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። በአጭሩ፣ የጣት አጣጣሉ ጠማማ የሆነው ቀዳዳው ጠማማ ስለ ሆነ ነው።

ጅማሬው ግን አያስፈራም። የግራና የቀኝ እጅ ሌባ ጣቶች፣ የመሐል ጣቶችና የቀለበት ጣቶች ስድስቱም በየቦታቸው ሲያርፉ ሶል ይወጣል። የቀኝ እጅ የቀለበት ጣት ሲነሣ ላ፣ የመሐል ጣት ሲነሣ ሲ፣ ሌባ ጣት ሲነሣ ዶ ይሆናል። በግራ እጅም እንዲሁ ከታች ወደ ላይ እየተነሣ ሬና ሚ ይገኛሉ፤ ስድስቱም ጣቶች ሲነሡ ፋ ይሰማል። ከሶል ወደ ታች ለመውረድ ደግሞ የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ስትጨመር ፋ፣ የቀኝ አውራ ጣት ሲጨመር ሚ ይወጣል። ከሚ በታች ያሉትን ድምፆች እስከ ዝቅተኛው ሲ ፍላት ድረስ የሚያወጣው በዋነኛነት የግራ አውራ ጣት ነው። እዚህ ድረስ ሥርዓቱ ከዋሽንት ብዙም ስለማይርቅ ዋሽንት የነፋ ሰው እንግድነት አይሰማውም።

ፈተናው የሚጀምረው ከላይ ከጠቀስነው ፋ፣ ማለትም ጣቶች ሁሉ ከተነሡበት ድምፅ፣ ወደሚቀጥለው ሶል ለመሄድ ሲታሰብ ነው። ፋ ላይ ስድስቱም ጣቶች በአየር ላይ ናቸው፤ ከፍተኛው ሶል ደግሞ እንደ ታችኛው ሶል ስድስቱንም ይፈልጋል። ለጆሮ አንድ እርምጃ የሆነው ለእጅ የስድስት ጣቶች እርምጃ ነው። ስድስቱም በአንድ ቅጽበት ካላረፉ በመካከሉ ያልታሰበ ድምፅ ሾልኮ ይሰማል። ከዚህም ሌላ የግራ ሌባ ጣት ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ መድፈን የለበትም፤ በር ገርበብ እንደሚደረግ ሁሉ ቀዳዳውንም ገርበብ አድርጎ መተው አለበት። ሙሉ በሙሉ ቢደፍነው የሚያጓራው የታችኛው ሶል ነው። ይህ አሠራር ለፋ ሻርፕ፣ ለሶልና ለሶል ሻርፕ ያስፈልጋል፤ የመክፈቻው መጠን ግን ለሦስቱም እኩል አይደለም። መምህራን እዚህ ላይ አጥብቀው የሚከለክሉት ጣትን ከቀዳዳው ማንሣትን ነው። ሌባ ጣት ከእንጨቱ ሳይለይ በራሱ ዙሪያ ወደ ታች ይንከባለላል፤ ሲመለስም በዚያው መንገድ ተንከባልሎ ይመለሳል። የተነሣ ጣት ወደ ትክክለኛው ቦታ ለመመለስ ቦታውን እንደገና መፈለግ ይኖርበታል፤ የተንከባለለ ጣት ግን ከቦታው አልራቀም።

ስለ አውራ ጣት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በብዙ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላይ የቀኝ አውራ ጣት መሣሪያውን ከመደገፍ ያለፈ ሥራ የለውም። በባሱን ላይ ግን የቀኙ አራት ቁልፎች፣ የግራው ደግሞ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቁልፎች ይጠብቁታል። ከእነዚህ መካከል እንግሊዞች «የሹክሹክታ ቁልፍ» የሚሉት አለ። በታጠፈው የብረት ቧንቧ ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስል እጅግ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ይህ ቁልፍ ሲጫን ያ ቀዳዳ ይደፈናል። ዝቅተኞቹ ድምፆች በለሆሳስ ሲነፉም ሳይሰበሩ እንዲወጡ ቀዳዳው መደፈን አለበት፤ ወደ ላይኛው ክፍል ሲታለፍ ደግሞ መከፈት አለበት። ታዲያ የግራ አውራ ጣት ይህን ቁልፍ ይዞ እንዴት ወደ ዝቅተኞቹ ድምፆች ቁልፎች ይሄዳል? ሠሪዎቹ ይህንንም አስበውበታል፤ የቀኝ አውራ ጣት የሚን ቁልፍ ሲጫን በውስጥ በተያያዘ ዘንግ አማካይነት ያ ጠባብ ቀዳዳ አብሮ ይደፈናል፤ የግራው ነፃ ይወጣል።

ከገርበብታው በላይ ካለው ላ ጀምሮ እስከ ሬ ባሉት ድምፆች ላይ ሌላ ሥራ ይመጣል። እነዚህ ድምፆች ከታችኞቹ ጋር ተመሳሳይ የጣት አጣጣል ስላላቸው፣ በተለይ በአንድ ትንፋሽ ተያይዘው ሲነፉ፣ መጀመሪያ ላይ የታችኛው ድምፅ ቅንጣት ቀድሞ ያጉረመርማል። ይህን ለመከላከል የግራ አውራ ጣት በድምፁ መነሻ ላይ ከከፍተኞቹ ቁልፎች አንዱን ነካ አድርጎ ይለቃል። አንዳንድ መምህራን ቁልፉ ድምፁ እስኪያልቅ ተይዞ እንዲቆይ ያስተምራሉ። የትኛውም ቢመረጥ አውራ ጣት እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ሲመላለስ ይውላል።

«ይህን ሁሉ ከመታገል መሣሪያውን እንደ አዲስ መሥራት አይሻልም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው የቆየ ነው። ሞዛርት በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1774፣ የባሱን ኮንቼርቶውን ሲጽፍ በዘመኑ የነበሩት ባሱኖች ከአራት እስከ ሰባት ቁልፎች ብቻ ነበሯቸው፤ የቀረውን የሚያሟላው የነፊው ብልሃት ነበር። ካርል አልመንሬደር የተባለ ጀርመናዊ ባሱን ነፊ ጎትፍሪድ ቬበር ስለ ድምፅ ባሕርይ ባደረገው ጥናት ተመርቶ በ1820ዎቹ 17 ቁልፎች ያሉት ባሱን አዘጋጀ። በ1831 ከእንጨት ሠራተኛው ከዮሐን አዳም ሄክል ጋር ሆኖ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ቢብሪሽ አንድ የሥራ ቤት አቋቋሙ። አልመንሬደር ቢሞትም የሄክል ቤተሰብ ማሻሻሉን ቀጠለበት፤ ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚነፋው የሄክል ሥርዓት የሚባለው ባሱን የዚህ ውጤት ነው።

ከዚህም የራቀ ለውጥ የሞከሩ ነበሩ። በሙኒክ ይኖር የነበረው ወርቅ አንጥረኛና ፍሉት ነፊ ቴዎባልድ ቦም በ1832፣ በኋላም በ1847፣ ፍሉትን ከመሠረቱ ለወጠው። ቀዳዳዎቹን የድምፅ ሕግ በሚያዝዘው ቦታ አስቀመጠ፤ ከዚያም ጣት ወደ ቀዳዳው እንዲሄድ ከማስገደድ ይልቅ ቁልፎቹ ወደ ጣት እንዲመጡ አደረገ። ሥራው በፍሉት ላይ እጅግ ተሳካ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በፓሪስ ያንኑ ሐሳብ በባሱን ላይ የፈጸሙ ሠሪዎች ተነሡ። ጣቶች ዐረፉ፤ ነገር ግን የቁልፉ አሠራር ውስብስብና ውድ ከመሆኑም በላይ ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ያን የተሸፈነ ለዛ ወሰዱት። ነፊዎቹ አልተቀበሉትም። በእኔ አስተያየት በዚህ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ምዕራፍ የለም፤ ባለሙያዎቹ ምቾትና ድምፅ ቀርበውላቸው ድምፁን መረጡ፤ ዋጋውን በጣቶቻቸው መክፈል ቀጠሉ። ፈረንሳዮች ደግሞ የራሳቸውን ሥርዓት ለረጅም ጊዜ ጠብቀው ቆይተዋል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ግን በዚያም አገር ብዙ ኦርኬስትራዎች ወደ ጀርመኑ ዞረዋል።

እንግዲህ ተማሪው ይህን ሁሉ እንዴት ይይዘዋል? በእጁ የሚሰጠው የመጀመሪያው ነገር የጣት አጣጣል ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ድምፅ የቀዳዳዎቹ ሥዕል ይቀመጣል፤ ጥቁር ክብ የተደፈነውን፣ ነጭ ክብ የተከፈተውን፣ ግማሹ የጠቆረ ክብ ደግሞ ገርበብ ያለውን ያመለክታል። ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን እንደ መዝገበ ቃላት ያለ ነገር ነው። መዝገበ ቃላትን በቃሉ የያዘ ሰው ቋንቋውን ተናገረ እንደማይባል ሁሉ፣ ሠንጠረዡን የሸመደደም ባሱን ነፋ አይባልም።

ይህን ከሰዋስው ትምህርታችሁ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። «ሰበረ» የሚለው ግሥ «ይሰብራል፣ ሰብሮ፣ ስበር፣ መስበር» እያለ ሥሩ ሳይጠፋ ይረባል። «አለ» የሚለው ግሥ ግን «ይላል፣ ብሎ፣ በል፣ ማለት» ይሆናል። «አለ»ን ከ«ብሎ»፣ «በል»ን ከ«ማለት» ጋር በመልክ የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? አማርኛን በሠንጠረዥ ለሚማር የውጭ አገር ሰው ይህ ከባድ ሸክም ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ የአምስት ዓመት ሕፃን ግን «ብሎ» ማለት ሲገባው ሌላ አይልም። ግሡን ያገኘው በሠንጠረዥ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ ከፊትና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋር ነውና። የባሱን ጣትም የሚለመደው እንዲሁ ነው። መለማመጃው ነጠላው ድምፅ ሳይሆን ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚደረገው ጉዞ ነው።

አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፋ ሻርፕን በሁለት መንገድ ማውጣት ይቻላል፤ በቀኝ አውራ ጣት ወይም በቀኝ ትንሿ ጣት። ሠንጠረዡ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የትኛው እንደሚሻል ግን አይናገርም፤ መናገርም አይችልም። ከፋ የሚመጣ ሰው ትንሿ ጣቱ አስቀድማ በፋ ቁልፍ ላይ ናት፤ ፋ ሻርፕንም በእርሷ ለማውጣት ቢሞክር ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ማንሸራተት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ሥራውን ለአውራ ጣት ይሰጣል። ከሲ ፍላት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የተያዘው አውራ ጣት ስለ ሆነ ተራው የትንሿ ጣት ይሆናል። ድምፁ አንድ ነው፤ ጣቱን የሚወስነው ጎረቤቱ ነው።

በዚህ ምክንያት ብልህ ተማሪ አስቸጋሪ ምንባብ ሲገጥመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሞ አይሮጥበትም። ጣቱ የተደናቀፈበትን ቦታ ፈልጎ ሁለቱን ድምፆች ብቻ ነጥሎ ያወጣል፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው፣ የእያንዳንዱን ጣት መነሣትና ማረፍ ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ በዝግታ ይመላለሳል። ከዚያ በፊት ያለውን ድምፅ ይጨምራል፤ ቀጥሎም ከኋላ ያለውን። አንዳንዴ ሳይነፋ ጣቶቹን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ያን ጊዜ ትንፋሽ የሸፈነው የጣት መዘግየት በቁልፎቹ ኳኳታ ይሰማል። ቸኩሎ የለመደውን ስሕተት ከጣት ላይ ማላቀቅ ትክክለኛውን ከመጀመሪያው ከመልመድ ይልቅ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ጣት የተሰጠውን ሁሉ ይይዛልና፣ ደጉን ከክፉ አይለይም።

የላይፕሲግ ከተማ ባሱን ነፊና መምህር የነበረው ዩሊዩስ ቫይሰንቦርን በ1887 ያሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል። እጅግ ትንሽ እጅ ያለው ልጅ ግን ሙሉውን ባሱን ለመያዝ ጥቂት ዓመታት መጠበቅ ወይም ለልጆች ተብሎ አነስ ተደርጎ በተሠራው መጀመር ይኖርበታል። በእናንተ ዕድሜ ያለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ጣቱ ይደርሳል።

በመጨረሻ የሚቀረው ከሁሉ ከፍ ያለው የድምፅ ክፍል ነው። እዚያ ሥርዓት የሚባለው ነገር ይላላል። ለአንድ ድምፅ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ የጣት አጣጣሎች ይገኛሉ፤ በአንዱ ባሱን ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው በሌላው ላይ እምቢ ይላል፤ ልሳኑ ሲለወጥም መልሱ ይለወጣል። ስለዚህ ነፊዎች በራሳቸው መሣሪያ ላይ ሞክረው የተስማማቸውን በኖታቸው ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ኢጎር ስትራቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1913 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበውን «የጸደይ ሥርዓት» የተባለውን ሥራውን የጀመረው በዚህ ከፍታ ላይ ባለ የባሱን ብቸኛ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ከፍተኛው ዶ ነው። ከእርሱ በፊት ሌላ ድምፅ ስለሌለ ጣቱን የሚወስንለት ጎረቤትም የለም። ነፊው በቤቱ ከሞከራቸው አጣጣሎች መካከል ለዚያ ምሽት፣ ለዚያ ልሳን የመረጠውን ይዞ ይቀርባል፤ አዳራሹ ጸጥ ሲል ጣቶቹን አስቀድሞ በየቦታቸው አሳርፎ የመሪውን እጅ ይጠብቃል።